ሎይድ ማለት ሸበቶ ነው፤ ባንኩ፣ መድኑና መርከቡስ?

ጥያቄው፦ «የምኖረው ካርዲፍ ነው። የባለቤቴ የቤተሰብ ስም ሎይድ ነው፤ ወላጆቹ ከሰሜን ምሥራቅ ዌልስ፣ ከዴንቢ አካባቢ የመጡ ናቸው። እዚህ ሎይድስ የሚባል ባንክ አለ፣ የመድኑ ሎይድስ አለ፤ አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ ደግሞ ዕቃ ሲያስመጣ ሰነዱ ላይ ሀፓግ ሎይድ የሚል ያያል። ሎይድ ጆርጅ የሚባሉ ጠቅላይ ሚኒስትርም ነበሩ። ሁሉም ዘመዳሞች ናቸው? ስሙ ምን ማለት ነው? ፍሎይድ ከሚለው ጋር አንድ ነው የሚባለውስ እውነት ነው? ለልጆቻችን የአባታቸውን የዘር ሐረግ ልጽፍላቸው ፈልጌ ከየት እንደምጀምር ጠፍቶኛል።»

ምላሽ

ዘመዳሞች አይደሉም። የባንኩ ሎይድ ብረት ነጋዴ ነበር፤ የመድኑ ሎይድ ቡና ቤት ነበረው፤ የመርከብ ድርጅቶቹን የመሠረተ ሎይድ የሚባል ሰው የለም፣ ስሙን የተዋሱት ከቡና ቤቱ ነው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ደግሞ በአባታቸው ጆርጅ ናቸው። ባለቤትዎ ከእነዚህ ከአንዱ ጋር የሥጋ ዝምድና አይኖራቸውም ማለት አይደለም፤ ስሙ ብቻውን ግን ለዝምድና ማስረጃ አይሆንም። ለምን እንደማይሆን ለመረዳት ስሙ እንዴት እንደተፈጠረ ማየት ያስፈልጋል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ቃሉ የዌልስ ቋንቋ ቅጽል ነው፤ ወደ አማርኛ ድምፅ ሲቀርብ «ልዊድ» ይሆናል። ግራጫ ማለት ነው፤ ነገር ግን የዌልስ ሰው በዚህ ቃል ከግራጫ ሰፋ ያለ ነገር ይገልጽበታል። የሱቅ ቡናማ መጠቅለያ ወረቀት ዛሬም በዌልስ ቋንቋ «ልዊድ ወረቀት» ነው። በድሮው ግጥም ውስጥ ደግሞ «ቅዱስ፣ የተባረከ» የሚል ትርጉም ሲይዝ ይገኛል። በሰው ስም ላይ ሲለጠፍ ግን በአብዛኛው የሚያመለክተው ጠጉርን ነው። «ዳቪድ ልዊድ» ብንል ያለምንም ማጣመም «ሸበቶው ዳዊት» ነው። ጠጉሩ ያለዕድሜው የሸበተ ወይም አመድማ ቡናማ የሆነ ወጣትም በዚሁ ስም ሊጠራ ይችል ነበር። ቃሉ በራሱ የመጠሪያ ስም የሆነበት ጊዜም አለ፤ በመካከለኛው ዘመን የዌልስ ተረት ውስጥ አንድን አገር በአስማት ያጠፋው ሰውዬ ስሙ ልዊድ ነው።

እንዲህ ያለ ቅጽል ስም በዌልስ ብዙ ነበር። «ኮኽ» ቀይ ማለት ነው፤ ዛሬ ጎፍ የሚባሉት ቤተሰቦች ስም ከዚያ የመጣ ነው። «ቡኻን» ትንሹ ወይም ታናሹ ማለት ነው፤ ቮን የሆነው እሱ ነው። «ጉዊን» ነጭ ማለት ሲሆን ዊን ሆኗል። በሦስቱም ላይ የመጀመሪያው ድምፅ ሲለወጥ ያያሉ፦ ክ ወደ ግ፣ ብ ወደ ቭ፣ ጉ ደግሞ ጠፍቶ። ይህ የጸሐፊ ስህተት አይደለም፤ ቅጽል ከሰው ስም ቀጥሎ ሲመጣ ፊቱ እንዲላላ የሚያዝ የቋንቋው ሕግ ነው። «ልዊድ»ም በዚሁ ሕግ ይላላል፤ የላላውና ያልላላው ጎን ለጎን ስለኖሩም ሎይድና ፍሎይድ የሚባሉት ሁለት ስሞች ተገኙ።

የስሙ መነሻ ድምፅ በዌልስ ፊደል ኤል ተደግሞ ይጻፋል፤ ድርብ ኤል የራሱ ቦታ ያለው አንድ ፊደል ስለሆነ በመዝገበ ቃላት ውስጥ ስሙን ከኤል ቀጥሎ ባለው ክፍል ይፈልጉታል። ድምፁን ለማውጣት ምላስዎን ልክ «ል» ሊሉ እንደሆነ ከላይ ጥርስዎ ጀርባ ያስቀምጡ፤ ከዚያ ጉሮሮ ሳይነዝር በምላስ ጎን በኩል ትንፋሽ ብቻ ይንፉ። አማርኛ ዛሬ ይህ ድምፅ የለውም። «ዛሬ» ማለቴ በምክንያት ነው፦ ብዙ የሴም ቋንቋዎች አጥኚዎች ከ«ሰ» ጋር አንድ አድርገን የምናነበው «ሠ» በጥንቱ ግእዝ ይህን የመሰለ የምላስ ጎን ድምፅ እንደነበረ ይገምታሉ። በደቡብ ዓረቢያና በሶቆትራ ደሴት የሚነገሩ ዘመድ ቋንቋዎች እስካሁን ያወጡታል።

የእንግሊዝ ጸሐፊ ይህን ድምፅ ሲሰማ መጻፊያ አልነበረውም። የላላውን የሰማው በተራ ኤል ጻፈው፤ ጠንካራውን የሰማው «ፍል» መሰለው። ስለዚህ ፍሎይድና ሎይድ በእርግጥም ከአንድ ቃል የወጡ ናቸው። ከዚህ ሌላ በአንድ ኤል የሚጻፍ ሎይድ አለ፣ እንደ አሜሪካዊው የእንቆቅልሽ ፈጣሪ ሳም ሎይድ ስም፤ ፍሉድ የሚሉም ይገኛሉ። ፍለድ የሚለው ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ብዙውን ጊዜ ከዌልስ ጋር የማይገናኝ የራሱ የእንግሊዝና የአየርላንድ ምንጭ አለው።

አጻጻፉ ምን ያህል ልቅ እንደነበረ ሦስት የታወቁ ምሁራን ያሳያሉ። ሃምፍሪ ልዊድ (1527–1568) የዴንቢ ሰው ነው፤ የሠራው የዌልስ ካርታ ከሞተ በኋላ በ1573 በኦርቴሊየስ አትላስ ውስጥ ታትሟል፤ ለልጆችዎ የሚነገር የአገር ልጅ ነው። ሞርጋን ልዊድ የ17ኛው ክፍለ ዘመን የሃይማኖት ጸሐፊ ነው። በኦክስፎርድ የአሽሞሊያን ሙዚየም ኃላፊ የነበረውና በ1707 የኬልት ቋንቋዎችን አነጻጽሮ ያሳተመው ኤድዋርድ ደግሞ አባቱ ሎይድ እየተባለ ሲጻፍ እሱ ግን ኤል፣ ኤች፣ ዩ፣ ዋይ፣ ዲ ብሎ የራሱን አጻጻፍ ያዘ። አባትና ልጅ በሁለት ዓይነት ፊደል ከተጻፉ፣ በመዝገብ ላይ «የእኛ ሎይድ በሁለት ኤልና በኦ ብቻ ነው የሚጻፈው» ብሎ መከራከር ዋጋ የለውም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ቋንቋቸውን ለማክበር ብለው ከሎይድ ወደ ልዊድ የተመለሱም አሉ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ዌልሶች የቤተሰብ ስም አልነበራቸውም። ለኢትዮጵያዊ ይህን ማስረዳት ይቀላል፦ እንደኛው ሰው በስሙና በአባቱ ስም ነበር የሚጠራው። ልዩነቱ መካከሉ ላይ «አፕ» የምትል ቃል መግባቷ ነው፤ «የ… ልጅ» ማለት ነው፣ ለሴት ደግሞ «ቬርኽ»። ሐረጉንም አራትና አምስት ትውልድ ድረስ ይቆጥሩት ነበር፤ በድሮው የዌልስ ሕግ የመሬት ድርሻም ሆነ የነፍስ ካሳ የሚከፈለው በዘመድ ቆጠራ ስለነበር ቅድመ አያቱን የማያውቅ ሰው መብቱንም አያውቅም። ሴትም ስታገባ የአባቷን ስም አትለቅም ነበር። በዚህ ሥርዓት ውስጥ «ልዊድ» የአንድ ሰው መለያ እንጂ የልጆቹ ውርስ አልነበረም፤ ዳግማዊ ምኒልክ «አባ ዳኘው» ስለተባሉ የልጅ ልጆቻቸው ዳኘው እንደማይባሉ ማለት ነው።

ይህ የተለወጠው ዌልስ በ1536 እና በ1543 በወጡት ሕጎች ከእንግሊዝ አስተዳደር ጋር ከተዋሐደች በኋላ ነው። የፍርድ ቤትና የግብር ጸሐፊው ቋሚ የመጨረሻ ስም ፈለገ። ባላባቶቹ ቶሎ ተቀበሉ፤ ተራው ሕዝብ ቀስ እያለ በ17ኛውና በ18ኛው ክፍለ ዘመን ተከተለ፤ በደጋው ገጠር እስከ 19ኛው መጀመሪያ ድረስ የአባት ስም ሥርዓት የቀጠለበት አለ። ብዙዎች በወቅቱ የነበረውን የአባት ስም አጸኑት። «አፕ»ም ከቀጣዩ ስም ጋር ተጣብቃ ተዋጠች፦ አፕ ህሪስ ፕራይስ ሆነ፣ አፕ ሃወል ፓወል፣ አፕ ሂው ፒው፣ አብ ኦወን ቦወን፣ አብ ኢቫን ቤቨን። ዕድሉ ምን ያህል ድንገተኛ እንደነበረ የእንግሊዝ ነገሥታት ራሳቸው ምስክር ናቸው። የቱዶር ሥርወ መንግሥት አባት ሙሉ ስሙ ኦወን አፕ መረዲድ አፕ ቲዲር ነበር፤ ጸሐፊዎች የአባቱን ትተው የአያቱን ስም ስላጸኑበት እንጂ ሄንሪ ስምንተኛ ከመረዲድ ቤት ነበር የሚባለው።

ለሎይዶች ይህ ያመጣውን ጣጣ በምናባዊ ምሳሌ ላሳይ። ዳቪድ ልዊድ የሚባል ሰው ሦስት ወንዶች ልጆች ነበሩት እንበል። የመጀመሪያውን ጸሐፊው በአባቱ ቅጽል ስም «ሎይድ» ብሎ መዘገበው። ሁለተኛው በሌላ ደብር አገባና የአባቱ የመጠሪያ ስም ተወስዶለት «ዴቪስ» ሆነ። ሦስተኛው ህሪስ ይባላል፤ የድሮውን ልማድ ስላልተወ ልጆቹ «አፕ ህሪስ» ተባሉ፣ የልጅ ልጆቹ ፕራይስ ሆኑ። የአንድ አባት ዘሮች በሦስት ስም። በተቃራኒው ደግሞ በየወንዙ ዳር ሸበቶ ሰው ስለማይጠፋ፣ አጠገብ ለአጠገብ ባሉ ሁለት ደብሮች ውስጥ ምንም የማይዛመዱ ሁለት የሎይድ ቤተሰቦች ይኖራሉ። የዌልስን ዘር የሚቆጥር ሰው የሚከተለው ቦታውንና የአባቶችን የመጠሪያ ስም ነው፤ የቤተሰብ ስሙን ብቻ የተከተለ ከማያውቀው ሰው ቤት ይገባል።

ስሙ ከዌልስ ወጥቶ ዓለምን የዞረው ከምሁሩ ኤድዋርድ ሌላ በሆነው በኤድዋርድ ሎይድ ቡና ቤት በኩል ነው። ቤቱ ለንደን ውስጥ በቴምዝ ወንዝ አቅራቢያ በታወር ጎዳና ነበር፤ በሰነድ መታየት የጀመረው በ1688 ነው። የመርከብ አዛዦች፣ ባለ መርከቦችና ነጋዴዎች የሚሰበሰቡበት ነበር። (ያን ጊዜ የሚጠጡት ቡና በየመን ሞካ ወደብ በኩል የሚመጣ ነበር፤ ከኛ ቡና የትውልድ አገር ብዙም አይርቅም።) ሎይድ በ1691 ፖስታ ቤቱ አጠገብ ወዳለው ሎምባርድ ጎዳና ተዛወረ። ዋና ሀብቱ ወሬ ነበር፤ የትኛው መርከብ ደረሰ፣ የትኛው ሰጠመ። በ1696 የወሬ ጋዜጣም ሞክሮ ብዙ አልዘለቀም። ጭነቱን ማስዋስ የፈለገ ነጋዴ ወረቀት ይዞ ጠረጴዛ ለጠረጴዛ ይዞራል፤ ከአደጋው የድርሻዬን እሸከማለሁ ያለ ባለገንዘብ ከጽሑፉ ግርጌ ስሙንና መጠኑን ይጽፋል።

ሎይድ በ1713 ሞተ፤ ስሙ ግን በቤቱ ላይ ቀረ። በ1734 ሎይድስ ሊስት የተባለው የመርከብ ወሬ ጋዜጣ ጀመረ። በ1760 ደግሞ የመርከቦችን ጥንካሬ መርምሮ የሚመዘግብ ማኅበር ተቋቋመ፤ ሎይድስ ሬጅስተር የሚባለው ነው። የመርከቡን አካል በፊደል፣ መልሕቅና ገመዱን በቁጥር ደረጃ ይሰጥ ስለነበር፣ ሁሉ ነገሩ የተሟላ ማለት የሆነው «ኤ ዋን» ከዚያ መዝገብ ወጣ። በ1771 ደግሞ 79 ነጋዴዎች እያንዳንዳቸው 100 ፓውንድ አዋጥተው ከቡና ቤት ባለቤት ጥገኝነት ወጡ። በ1774 ወደ ንጉሣዊው የንግድ አዳራሽ ገቡ፣ በ1871 በፓርላማ አዋጅ የሕግ ሰውነት አገኙ። ዛሬ ያሉበት ከውስጥ ወደ ውጭ የተገለበጠ የሚመስለው የላይም ጎዳና ሕንጻ በ1986 የተከፈተ ነው።

እዚህ ላይ ለወንድምዎ የሚጠቅም ነገር አለ። የመድኑ ሎይድስ ኩባንያ አይደለም፤ ገበያ ነው። ውስጡ ሲንዲኬት የሚባሉ፣ እያንዳንዳቸው ቁጥር ያላቸው የመድን ሰጪ ቡድኖች ይሠራሉ። «ጭነቱ በሎይድስ ዋስትና አለው» ከተባለ የሲንዲኬቱን ቁጥርና ደላላው ማን እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ካሳ የሚከፍሉት ሲንዲኬቶቹ ናቸው። በመድን ውሉ (ፖሊሲው) ላይ «ጉዳት ከደረሰ የሎይድስ ወኪልን አስታውቁ» የሚል ካለ ደግሞ፣ ያ ወኪል ከ1811 ጀምሮ በየወደቡ የተዘረጋው የመርማሪዎች መረብ አባል ነው። ጉዳቱን አይቶ ሪፖርት ይጽፋል፤ ብዙውን ጊዜ ገንዘቡን የሚከፍለው እሱ አይደለም። በብዛት የሚታየው ስህተት ዕቃውን ከማሸጊያው አውጥቶ ካከፋፈሉ በኋላ ወኪሉን መጥራት ነው፤ ያኔ የሚመረምረው ነገር የለውም።

«ሎይድ» የሚለው ቃል የመርከብ ድርጅት ማለት ወደ መሆን የተሻገረው በትሪየስቴ በኩል ነው። በ1833 በዚያች የኦስትሪያ ወደብ የነበሩ መድን ሰጪዎች የለንደኑን አርአያ ተከትለው የመርከብ ወሬ የሚሰበስብ ማኅበር አቋቋሙና የኦስትሪያ ሎይድ አሉት። በ1836 የእንፋሎት መርከብ ክፍል ከፈተ፤ ወሬው ተረስቶ መርከቡ ቀረ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከተማዋ ለጣልያን ስትሰጥ ድርጅቱ ሎይድ ትሪየስቲኖ ተባለ፤ በቅኝ ግዛት ዘመን ምጽዋ ይመላለስ የነበረው ይህ ነው። በ1857 በብሬመን የሰሜን ጀርመን ሎይድ ተመሠረተ፤ በ1970 ከሃምቡርጉ የመርከብ ድርጅት ከሀፓግ ጋር ሲዋሐድ ወንድምዎ የሚያየው ሀፓግ ሎይድ ሆነ። በ1867 የመርከብ ደረጃ መዳቢው ጀርመናዊ ሎይድ፣ በ1883 የሮተርዳም ሎይድ ተከተሉ። ከሁሉ የሚያስገርመኝ በ1925 የባሕር በር በሌላት በቦሊቪያ የተቋቋመው አየር መንገድ ሎይድ አኤሬዮ መባሉ ነው፤ ሸበቶው የዌልስ ገበሬ በአንዲስ ተራሮች ላይ ሲበር ማለት ነው። ብሬመን በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሎይድ የሚባል መኪናም ሠርታለች። የ1950ው ሞዴል አካሉ ከኮምፐንሳቶ እንጨት ስለነበር ጀርመኖች «ሞትን የማይፈራ ሎይድ ይነዳል» እያሉ ግጥም ገጠሙበት።

ባንኩ ከዚህ ሁሉ ጋር ምንም የለውም። የመጣው በሞንትጎመሪሽር ከምትገኘው ከዶሎብራን ሎይዶች ነው። ኩዌከር የሚባለው የክርስትና ወገን ተከታዮች በመሆናቸው በ1660ዎቹ ታስረው የተንገላቱ ናቸው፤ ከእነሱ አንዱ ቶማስ ሎይድ ወደ ፔንሲልቫኒያ ተሻግሮ ምክትል ገዥ ሆኗል። የቀረው የቤተሰቡ ቅርንጫፍ በ1698 ወደ በርሚንግሃም ገብቶ ብረት ነገደ። ሁለተኛው ሳምፕሰን ሎይድ በ1765 ከልብስ ቁልፍና ጌጣ ጌጥ አምራቹ ጆን ቴይለር ጋር ባንክ ከፈተ። የባንኩ ዓርማ የሆነው ጥቁሩ ፈረስ እንኳ በመጀመሪያ የሎይዶች ምልክት አልነበረም፤ በ1884 ከጠቀለሉት የለንደን ባንክ ጋር የመጣ ነው፣ ታሪኩም በ1677 ሎምባርድ ጎዳና ላይ ከነበረ የወርቅ አንጥረኛ ሱቅ ይጀምራል። ሁለቱን ተቋማት በጽሑፍ ለመለየት የመጨረሻዋን ኤስ ይመልከቱ፦ በመድኑ ስም ከኤስ በፊት አፖስትሮፍ አለች፤ በባንኩ የለችም። የጭነት ካሳ ጥያቄ ለባንኩ፣ የባንክ አቤቱታ ለመድን ገበያው የሚልኩ ሰዎች ዛሬም አሉ።

ሎይድ ጆርጅ የሌላ ልማድ ምሳሌ ናቸው። በ1863 ማንቸስተር ተወለዱ፤ አባታቸው ዊልያም ጆርጅ በሕፃንነታቸው ሞቱና የእናታቸው ወንድም ሪቻርድ ሎይድ የተባሉ ጫማ ሠሪና ሰባኪ በሰሜን ዌልስ ገጠር አሳደጓቸው። ሎይድ የእናታቸው ወገን ስም ነው። ዌልሶች የቤተሰብ ስማቸው ጥቂት ስለሆነ፣ ጆንስ ከጆንስ እንዲለይ የእናትን ስም ከፊት መጨመር ልማዳቸው ነው፤ ሎይድ ጆንስ፣ ሎይድ ዊልያምስ የሚባሉት ከዚህ የመጡ ናቸው። ከ1916 እስከ 1922 ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት እኚህ ሰው በዚህ መንገድ «ሎይድ ጆርጅ»ን አንድ ስም አደረጉት። በስም ዝርዝር ውስጥ በጂ ሥር ቢፈልጓቸው ላያገኟቸው ይችላሉ፤ በኤል ሥር ይሞክሩ። በ1945 ማዕረግ ሲሰጣቸው በማዕረጉ ላይ ሰረዝ ገባበት። ካርዲፍ ሐኪም ቤት ውስጥም ስማቸውን ሰምተው ይሆናል፦ እሳቸው በ1911 ካወጡት የጤና መድን ሕግ ጋር የተያያዘው የበሽተኛ የወረቀት ፖስታ እስካሁን «ሎይድ ጆርጅ» ይባላል። የድሮ መዝገቤ የት አለ ብለው ቢጠይቁና «ሎይድ ጆርጅ ውስጥ ነው» ቢባሉ አይደናገጡ።

የእናት ስም በሌላም ታዋቂ ሰው ላይ አለ። አርክቴክቱ ፍራንክ ሎይድ ራይት ሲወለድ የመካከል ስሙ ሊንከን ነበር፤ ለእናቱ ወገኖች፣ ከምዕራብ ዌልስ ወደ ዊስኮንሲን ለተሰደዱት ሎይድ ጆንሶች ብሎ ለወጠው።

ስለ አሜሪካ ካነሣን ጥቁር አሜሪካውያን ሎይዶችና ፍሎይዶችን ሳይጠቅሱ ማለፍ አይቻልም። ስሙ ያላቸው ሁሉ የዌልስ ደም አላቸው ብሎ መደምደም ስህተት ነው። በሜሪላንድ ዋይ በተባለው ርስት ላይ ሎይዶች ለብዙ ትውልድ ባሪያ አሳዳሪዎች ነበሩ፤ ኋላ የባርነት ተቃዋሚ ሆኖ የታወቀው ፍሬድሪክ ዳግላስ በልጅነቱ በባርነት የኖረው እዚያ ነው። በእንዲህ ያለ ርስት የነበሩ ሰዎች ነጻ ሲወጡ የባለ ርስቱን ስም የያዙ አሉ፣ ሆነ ብለው ሌላ የመረጡም አሉ። በሌላ በኩል አሜሪካውያን የቤተሰብ ስምን እንደ መጠሪያ ስም መስጠት ይወዳሉ። የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር ሎይድ ኦስቲን፣ ቦክሰኞቹ ፍሎይድ ፓተርሰንና ፍሎይድ ሜይዌዘር እንዲሁ ናቸው፤ ስሙ ስለ ዘራቸው ምንም አይናገርም።

አሁን የልጆችዎ ሐረግ። ከታወቀው ወደማይታወቀው፣ ከዛሬ ወደ ኋላ ይሂዱ፤ ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ሎይድ ተነሥቶ ወደ ባለቤትዎ ለመውረድ መሞከር ሁልጊዜ ያሳስታል። በመጀመሪያ የባለቤትዎን አባት የልደት ምስክር ወረቀት ያውጡ፤ ከዚያ የወላጆቻቸውን የጋብቻ ወረቀት። የጋብቻ ወረቀቱ የሁለቱንም አባቶች ስምና ሥራ ይይዛል፤ ለዌልስ ሥራው ከስሙ ይበልጣል፣ ምክንያቱም በአንድ ደብር ስድስት ጆን ሎይድ ሲኖር ድንጋይ ፈላጩ ግን አንድ ሊሆን ይችላል። የመንግሥት ምዝገባ የጀመረው ሐምሌ 1 ቀን 1837 ነው። የመዝገብ ጽሕፈት ቤቱ በኢንተርኔት ያቀረበው የልደት ማውጫ የእናትን የልጅነት ስም ስለሚያሳይ ወረቀት ከመግዛትዎ በፊት እሱን አስተያዩ፤ ተመሳሳይ ስም ያላቸውን አብዛኞቹን እዚያው ትለያላችሁ።

የሕዝብ ቆጠራ በስም የሚገኘው ከ1841 ጀምሮ በየ10 ዓመቱ ነው። የ1841ዱ ከ15 ዓመት በላይ ያለን ዕድሜ ወደ ታች አምስት በአምስት ስለሚያጠጋጋ 34 ዓመት የሆነው 30 ተብሎ ይጻፋል፤ የትውልድ ደብርም አይነግርም። የሚታመነው 1851 እና ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ከ1891 ጀምሮ በዌልስ የሚናገሩት ቋንቋ ይጠየቅ ነበር፤ ልጆችዎ ቅድመ አያታቸው ዌልስኛ ብቻ ይናገሩ እንደነበር እዚያ ሊያዩ ይችላሉ። የ1931ዱ ተቃጥሏል፣ በ1941 በጦርነቱ ምክንያት አልተቆጠረም፤ የ1921ዱ ክፍት ነው።

ከ1837 በፊት የደብር መዝገብ ነው፤ እዚህ ብዙዎች ይሰናከላሉ። በርካታ የዌልስ ቤተሰቦች ከመንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን የተለዩ ሜቶዲስት፣ ባፕቲስት ወይም ኢንዲፔንደንት ስለነበሩ ጥምቀታቸው በደብሩ መዝገብ የለም፤ በጸሎት ቤቱ መዝገብ ይፈለጋል። ጋብቻቸው ግን አለ፤ ከ1754 እስከ 1837 ከኩዌከርና ከአይሁድ በስተቀር ማንም ሰው በደብሩ ቤተ ክርስቲያን እንዲያገባ ሕጉ ያስገድድ ነበርና። «ጥምቀቱ ስለጠፋ ቤተሰቡ ከሌላ ቦታ የመጣ ነው» ብለው አይቸኩሉ። መዝገቦቹ እስከ 1733 ድረስ በላቲን ሊሆኑ ይችላሉ። ከ1752 በፊት ደግሞ ዓመቱ የሚለወጠው መጋቢት 25 ቀን ነበር፤ በ1720 የካቲት የተቀበረ ሰው በዛሬው አቆጣጠር በ1721 ነው የተቀበረው። በሁለት ካላንደር ለሚኖር ኢትዮጵያዊ ይህ አያስቸግርም።

ፍለጋ ላይ ስሙን በአንድ አጻጻፍ ብቻ አያስገቡ። በአንድ ኤል፣ በሁለት ኤል፣ ልዊድ፣ ፍሎይድ፣ ፍሉድ እያሉ ይሞክሩ፤ ማውጫው ከፈቀደ ኤል ጽፈው ኮከብ ምልክት አስከትለው በዲ ይዝጉት። ሎይድ ከ18ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ኋላ ድንገት ቢጠፋ ቤተሰቡ አልጠፋም፤ ቋሚ ስሙ ያልተያዘበት ትውልድ ላይ ደርሳችኋል። ከዚያ ወዲያ የሚፈለገው «እገሌ አፕ እገሌ» ነው፤ የእርሻውን ስም ይዛችሁ ሂዱ። በዌልስ እርሻ ስሙን ሳይለውጥ ለብዙ መቶ ዓመታት ይኖራል፤ ሰው ግን ይለውጣል።

ከ1858 በፊት ያሉ የዌልስ ኑዛዜዎች አበሪስትዊዝ በሚገኘው የዌልስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ናቸው፤ በኢንተርኔት ያለ ክፍያ ይታያሉ። ኑዛዜ የአማቾችንና የልጅ ልጆችን ስም ስለሚዘረዝር ለእንዲህ ያለ ስም ከምንም ይበልጣል። የዴንቢን ሰው ኑዛዜ ስትፈልጉ በሴንት አሳፍ ሀገረ ስብከት ጀምሩ፤ በሪዚን ዙሪያ ያለው የክሉዊድ ሸለቆ ግን እስከ 1859 ድረስ በባንጎር ሥር ስለነበር ካጣችሁት እዚያ እዩ። የዴንቢሽር ወሰን በ1974 እና በ1996 ስለተለወጠም ወደ አንድ ቤተ መዛግብት ከመሄዳችሁ በፊት ደብሩ ዛሬ በማን ሥር እንዳለ አረጋግጡ።

የዘረ መል ምርመራ ማሰባችሁ አይቀርም። ከአባት ወደ ወንድ ልጅ የሚያልፈው የዋይ ክሮሞዞም ምርመራ የቤተሰብ ስም ቀድሞ በጸናበት አገር ጥሩ ይሠራል። በዌልስ ግን የቅርብ ተዛማጅ ሆኖ የሚመጣው ሰው ፕራይስ ወይም ዴቪስ ቢባል ላቦራቶሪው አልተሳሳተም፤ ከላይ ያየናቸው የሦስቱ ወንድማማቾች ነገር ነው። «የሎይድ ቤተሰብ ዓርማ» ብለው በፍሬም የሚሸጡትን ግን አትግዙ። በእንግሊዝና በዌልስ ዓርማ ለግለሰብና ለቀጥተኛ ወራሾቹ ይሰጣል እንጂ ለስም አይሰጥም፤ የሚያረጋግጠውም ለንደን ያለው የዓርማ ኮሌጅ ነው።

አንድ የቤት ሥራ ጉዳይ ይቀራል። የኢትዮጵያ ሰነድ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ብሎ ይጠይቃል። የልጅቱ የእንግሊዝ ወረቀት የመጠሪያ ስሟንና ሎይድን ብቻ ከያዘ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ የሚያነበው ሰው ሎይድ የአባቷ መጠሪያ ይመስለዋል፤ በአንዱ ሰነድ እንዲህ፣ በሌላው እንዲያ ከተሞላ በኋላ ሁለቱ የአንድ ሰው መሆናቸውን ማስረዳት አድካሚ ነው። ስለዚህ ሐረጉን ስትጽፉላቸው ለእያንዳንዱ ሰው አራት ዓምድ አድርጉ፦ መጠሪያ ስም፣ የአባት መጠሪያ ስም፣ በሰነዱ ላይ እንዳለ የተጻፈው የቤተሰብ ስም፣ የእርሻው ወይም የደብሩ ስም። ሦስተኛውን ዓምድ አታርሙት፤ ፍሎይድ ተብሎ ከተጻፈ ፍሎይድ ይቆይ።